አሥራ ሦስተኛው በር

(ደሴ፣ የሐይቅ መንገድ ዳር፤ የመርሳት ሕመም ለያዛቸው አረጋውያን እየተሠራ ባለ መኖሪያ ቤት፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ አናጺው ሽማግሌ ይማም ያረጀ የሳንቃ በር ተደግፎ ኮሪደሩ ጫፍ መውጫው ላይ ተቀምጧል፣ ቤቱን የነደፈችው ረድኤት ፕላኗን ጠቅልላ ከፊቱ ቆማለች።)

ረድኤት፦ አይነሡም?

ይማም፦ አልነሣም።

ረድኤት፦ ጋሽ ይማም፣ ሰኞ ገምጋሚዎቹ ይመጣሉ። ይሄ መውጫ ዛሬ ካልተሸፈነ ቤቱ አይከፈትም።

ይማም፦ በሩን ሸፍነሽ ምኑ ሊከፈት?

ረድኤት፦ ቀልዱን ይተዉት። ፕላኑ ላይ እዚህ ጋ በር አይታይም።

ይማም፦ ፕላኑ ላይ እኔም አልታይም፤ ይኸው ተቀምጫለሁ።

ረድኤት፦ ኮምፔንሳቶውን ሐሙስ ጠዋት ራሴ ቆሜ አስመትቻለሁ። ከግድግዳው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቶ፣ በር ይሁን ግድግዳ እኔ እንኳ አልለየውም ነበር። ዓርብ ስመጣ የለም። ማን ነቀለው?

ይማም፦ ነፋስ።

ረድኤት፦ ነፋስ ሃያ አራት ሚስማር በጉጠት ነቅሎ ጣሳ ውስጥ ይጨምራል?

ይማም፦ የደሴ ነፋስ ሥርዓት ያውቃል። ሚስማር መሬት ላይ አይጥልም፤ የሰው እግር ይወጋል።

ረድኤት፦ እንግዲያው ነፋሱም ይስማኝ። እዚህ የሚገቡት አሥራ ሁለት ሰዎች በር ካዩ ይወጣሉ። ከወጡ መመለሻውን አያውቁትም። ከአጥሩ ማዶ መኪና እንደ ጥይት ነው የሚያልፈው። በሩ ግድግዳ ከመሰለ ግን ዓይናቸው ያልፈዋል፤ ልባቸውም ያርፋል። ሠራተኞቹ ብቻ ያውቁታል፣ ገፋ አድርገው ይወጣሉ። በሌላ አገር ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው።

ይማም፦ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

ረድኤት፦ እኔ ነኝ ዶሮዋ?

ይማም፦ አንቺ መጫኛው ነሽ። ዶሮዋ ዘምዘም ናት።

ረድኤት፦ እትዬ ዘምዘምን ካነሡ አይቀር፣ ማክሰኞ ነው የሚገቡት። የመግቢያ ቅጹን ፈረሙ?

ይማም፦ ኪሴ ውስጥ ነው።

ረድኤት፦ የት ነው አላልኩም። ፈረሙ ወይ?

ይማም፦ አልፈረምኩም። ሃምሳ አንድ ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሰው በር በሌለው ቤት ላስገባና ልፈርም? በር የሌለው ቤት መቃብር ነው። መቃብር ደግሞ በፊርማ አይገባም።

ረድኤት፦ ካልፈረሙ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስንቱ እየጠበቀ መሰለዎት?

ይማም፦ አውቃለሁ።

ረድኤት፦ ባለፈው ወር የሆነውን ረሱት እንዴ?

ይማም፦ የምትረሳው እሷ ናት። እኔማ መርሳት ቢሰጠኝ ምን ነበረበት።

ረድኤት፦ ቀድመውዎት ሄዱ አይደል?

ይማም፦ ቀደመችኝ። ድሮ ገበያ ስንወርድ ‘ቀስ በል’ ባይዋ እሷ ነበረች። አሁን የእኔ ጉልበት ከዳኝ። የእሷ ጉልበት ዕድሜውን ረስቶታል።

ረድኤት፦ የት ተገኙ?

ይማም፦ የአሸዋ መኪና ጋቢና ውስጥ። ሹፌሩን ‘ፍጠን ልጄ፣ አባቴ ይቆጣል’ እያለች። አባቷ ሐይቅ ከተቀበረ አርባ ዓመቱ።

ረድኤት፦ ሹፌሩስ?

ይማም፦ እሱም ፈርቶ ፈጥኗል። ዘምዘም ስታዝ አላየሻትም።

ረድኤት፦ ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቁ በር ይላሉ?

ይማም፦ ይህን ሁሉ ስላወቅሁ ነዋ በር የምል።

ረድኤት፦ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

ይማም፦ መከራማ መክሮኛል። አሁን ተራው የአንቺ ነው። አንቺ የዛሬ ልጅ ቸኩለሻል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ረድኤት፦ እኔ ምን አፈሰስኩ?

ይማም፦ ወለሉን።

ረድኤት፦ የትኛውን ወለል? አሃ… የሐሙሱን ነው? ለሙከራ ያመጧቸው ዕለት? ነርሷ ጽፋልኛለች፤ ‘ወለሉ ላይ ሲደርሱ ፈርተዋል’ ትላለች።

ይማም፦ አልፈራችም። ያነጠፍሽው ሴራሚክ ያብለጨልጫል። ውኃ መሰላት። ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ‘ወንዙ ሞልቷል፣ እጄን ያዝ’ አለችኝና አሻገረችኝ።

ረድኤት፦ እርስዎም ተሻገሩ?

ይማም፦ ምን ላድርግ፣ ሞልቶ ከመጣ ወንዝ ፊት ሚስት ጥሎ አይኬድ።

ረድኤት፦ ሱሪዎን ሰብስበው ነበር አሉ።

ይማም፦ ይርጠብ?

ረድኤት፦ እሺ፣ ወለሉ የእኔ ጥፋት ነው። የማያብለጨልጭ አዝዣለሁ፤ ነገ ይነጠፋል። ይኸው፣ ስሳሳት አምናለሁ።

ይማም፦ መስታወቱስ?

ረድኤት፦ መስታወቱ ደግሞ ምን ሆነ?

ይማም፦ መታጠቢያ ቤት ያለው። ዘምዘም ገባችና ‘አሰላሙ አለይኩም’ አለች። ያችኛዋ ዝም። ደገመች። ዝም። ወጥታ ‘ያቺ አሮጊት ምን ያኮራታል፣ ሰላምታ አትመልስም’ አለችኝ። አሁን ተቀያይመዋል። ‘እሷ ቆማ እያየችኝ አልታጠብም’ ብላለች።

ረድኤት፦ መጋረጃ አደርግበታለሁ።

ይማም፦ መስታወቱን ሸፍኚ፣ በሩን ተዪ። የሚሸፈነውንና የማይሸፈነውን ለዪ።

ረድኤት፦ ነርሷ የጻፈችው ሌላም አለ። ‘ምግብ እምቢ ብለዋል’ ይላል። ይሄ እኮ ያሳስባል።

ይማም፦ ስንት ጊዜ ለመነቻት?

ረድኤት፦ እንዴት ስንት ጊዜ?

ይማም፦ ስንት ጊዜ ‘ብዪ’ አለቻት?

ረድኤት፦ ‘ይብሉ’ አለቻቸው፣ ‘ጠግቤያለሁ’ አሉ፣ ሳህኑን አነሣች።

ይማም፦ አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ተለምኖ የሚበላ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ረድኤት፦ እኔ እበላለሁ።

ይማም፦ አንቺ አዲስ አበባ ነው የተማርሽው።

ረድኤት፦ የተወለድኩት ግን እዚሁ ደሴ፣ ሮቢት ነው!

ይማም፦ እንግዲያው ታውቂዋለሽ፤ ረስተሽው ነው። ዘምዘም ሰው ቤት መጥታለች። ሰው ቤት የመጣ ሰው መጀመሪያ ‘ጠግቤያለሁ’ ይላል። ቀጥሎ ‘በልቼ ነው የወጣሁት’ ይላል። ሦስተኛ ‘በሞቴ’ ሲባል ነው እጁን የሚታጠበው። ዘምዘም ፊቴን ረስታ ይሆናል፤ ይሉኝታዋን አልረሳችም።

ረድኤት፦ ቆይ፣ ይሄን ልጻፈው።

ይማም፦ ጻፊው። ‘ሦስት ጊዜ’ በዪ፤ በጉልህ። ሐሙስ ጦሟን ውላ ቤት ስትገባ የሁለት ሰው ራት በላች፤ የእሷንና የእኔን።

ረድኤት፦ አሁን የት ናቸው?

ይማም፦ ጎረቤታችን ሰዓዳ ጋ። እንግዳ ናት። ሰዓዳ ደግሞ ስትለምን አንድ ሠፈር ትመግባለች።

ረድኤት፦ ይሁን። ወለሉን አመንኩ፣ መስታወቱን አመንኩ፣ ምግቡንም ጻፍኩ። በሩ ግን ሌላ ነው። በሩ ነፍስ ነው።

ይማም፦ ነርሷ ያልጻፈችው አንድ ነገር አለ።

ረድኤት፦ ምን?

ይማም፦ ሐሙስ አሥር ሰዓት ሲሆን ዘምዘም እንደ ልማዷ የልብስ ጥቅሏን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ልትሄድ ተነሣች። ኮሪደሩን ይዛ መጣች፣ እዚህ ደረሰች። ኮምፔንሳቶሽን አየችው። ግድግዳ ነው። ግን ከሥሩ ብርሃን ይገባል፤ ነፋስም ይገባል። በመዳፏ ትዳብሰው ጀመር። ከዚህ እስከዚያ። ከላይ እስከ ታች። ተመልሳ ደግሞ ከዚያ እስከዚህ።

ረድኤት፦ ምን ያህል ቆዩ?

ይማም፦ አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። ‘ይሄ ይማም የሠራው ቤት ነው፤ ይማም በር አይረሳም’ አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስሜን የጠራችው ያን ቀን ብቻ ነው። ለግድግዳ።

ረድኤት፦ ለግድግዳ?

ይማም፦ ያን ጊዜ ነው ነፋሱ የተነሣው።

ረድኤት፦ አልሰማሁም ነበር ጋሽ ይማም። ማንም አልነገረኝ።

ይማም፦ ይኸው ነገርኩሽ።

ረድኤት፦ እርስዎም የእኔን ይስሙኝ። ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ቤት ነድፌያለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። መውጫው ሰፊ፣ ብርሃን የሞላበት፣ የሚያምር በር። ሁሉም አጨበጨበልኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አዛውንት በዚያ በር ወጡ። ሁለት ቀን ጠፉ።

ይማም፦ ተገኙ?

ረድኤት፦ ተገኙ። እሳቸው በደኅና ተገኙ፤ የእኔ እንቅልፍ ግን እስከዛሬ አልተገኘም።

ይማም፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ረድኤት፦ ይሳቁብኝ።

ይማም፦ አልሳቅሁም። የፈራ ሰው ቤት ቢሠራ ይሻላል፤ ያልፈራ ነው ጣሪያ የሚጥል። ግን ፍርሃትሽን ለዘምዘም አታልብሻት።

ረድኤት፦ እንግዲያው ይንገሩኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣሉ ብለውኛል። እንዴት ነው የሚመልሷቸው?

ይማም፦ አልመልሳትም። ትመጣለች።

ረድኤት፦ እንዴት ይመጣሉ?

ይማም፦ ይሄ የቤቴ ገመና ነው።

ረድኤት፦ የእኔ ሥራ ደግሞ ቤት ነው። ይንገሩኝ።

ይማም፦ ጥቅሏን ትይዛለች። ‘በሉ ደኅና ዋሉ፣ ይመሽብኛል’ ትላለች። ‘አትሂጂ’ ካልኳት ትጮኻለች። በሩን ብዘጋ መጀመሪያ በሩን ትደበድባለች፣ ቀጥላ እኔን። ስለዚህ በሩን ከፍቼ እሸኛታለሁ። ‘ለአባትሽ ሰላም በዪ’ እላታለሁ።

ረድኤት፦ ከዚያስ?

ይማም፦ የሠፈራችን መንገድ መስጊዱን ዞሮ ተመልሶ በእኛው ደጅ ያልፋል። ሌላ መንገድ የለውም። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስትደርስ ‘መንገደኛ፣ በዚህ ምሽት ወዴት ነው?’ እላታለሁ።

ረድኤት፦ ‘ሐይቅ’ ይላሉ።

ይማም፦ ‘ሐይቅ’ ትላለች። ‘ኧረ ዛሬ አይደረስም፣ ግቢ እደሪ’ እላለሁ። ‘አይ፣ አባቴ ይጠብቀኛል።’ ‘አባትሽን አውቃቸዋለሁ፤ እኔ ቤት ማደርሽን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።’ ‘አይ፣ ሰው አላስቸግርም።’ ያኔ ‘በሞቴ!’ እላለሁ። ‘እንግዲህ መሐላህ ከከበደ’ ትልና ትገባለች።

ረድኤት፦ የገዛ ቤታቸው።

ይማም፦ የገዛ ቤቷ። በእንግድነት።

ረድኤት፦ በየቀኑ?

ይማም፦ በየቀኑ። እንግዳ ሲመጣብኝ የሚውል ሰው ነኝ፤ እንግዳዬ ግን አንድ ናት። ገብታ ዙሪያውን ታያለች። ‘ቤትህ ሸጋ ነው። ባለቤትህ የለችም?’ ትለኛለች።

ረድኤት፦ ምን ይሏቸዋል?

ይማም፦ ‘መንገድ ሄዳለች፣ ትመጣለች።’

ረድኤት፦ ኧረ ጋሽ ይማም…

ይማም፦ ‘ጨዋ ሴት ናት፤ ቤቷ ያስታውቃል’ ትላለች።

ረድኤት፦ ራሳቸውን እያሞገሱ!

ይማም፦ ድሮም ትወድ ነበር።

ረድኤት፦ ታዲያ ባለፈው ወር ምን ተበላሸ?

ይማም፦ መንገዱ። ለቧንቧ ብለው መስጊዱ ጀርባ ላይ ቆፈሩት። ዘምዘም ጉድጓዱን ስታይ በሌላ በኩል ወጣች። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ… መንገዱ ተቆርጧል። ቧንቧውን ገና አልጨረሱትም። ጉልበቴም አይከተላትም። ጉልበት ቢኖረኝ አንቺን አልለምንም ነበር።

ረድኤት፦ እየለመኑኝ ነው እንዴ? እኔ የሚሰድቡኝ መስሎኝ።

ይማም፦ እኔ ስለምን እንዲህ ነው።

ረድኤት፦ ቆይ… ቆይማ። የተቆረጠው መንገዱ ነው አሉኝ?

ይማም፦ መንገዱ።

ረድኤት፦ እትዬ ዘምዘምን ያመጣቸው በር አልነበረም፤ ዞሮ የሚመለስ መንገድ ነበር። እስኪ ይቺን ፕላን በዚያ ጫፍ ይያዙልኝ። ይኸው ይሄ መውጫ። ከዚህ የሚወጣ ሰው ግቢው ውስጥ ነው። ከዚህ በአጥሩ ሥር አንድ መንገድ ብናስይዝ፤ ደረጃ የሌለው፣ መንታ የሌለው፤ በወይራው ሥር ዞሮ፣ በጓሮ አልፎ፣ ፊት ለፊት መግቢያው ላይ የሚመጣ…

ይማም፦ ከአጥሩ ሳይወጣ?

ረድኤት፦ ከአጥሩ ሳይወጣ! ይወጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይደርሳሉ። የሚደርሱት ግን እዚሁ ነው። በሩ አይደበቅም፤ ይከፈታል። አጥሩን ሐረግ አለብሰዋለሁ። እንዴት እስከዛሬ አላየሁትም!

ይማም፦ ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ረድኤት፦ እስኪ ከዚህ ሆኜ ግቢውን… ጋሽ ይማም።

ይማም፦ አቤት።

ረድኤት፦ በወይራው በኩል ዞሮ የሄደው ችካል ምንድን ነው?

ይማም፦ የቱ?

ረድኤት፦ ከዚህ ተነሥቶ በአጥሩ ሥር ዞሮ መግቢያው ድረስ የተተከለው! ማን ነው የመታው?

ይማም፦ ነፋስ።

ረድኤት፦ ነፋሱ ሲባጎም ወጥሯል!

ይማም፦ ሥራ የማያውቅ ነፋስ ምን ያደርጋል።

ረድኤት፦ አስበውት ጨርሰው፣ እርምጃውን ለክተው፣ ችካል መትተው ነው ይህን ሁሉ ያስለፈለፉኝ? ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ይማም፦ ለተማረ ሰው አይነገርም። ራሱ ያገኘው ሲመስለው ነው የሚሠራው።

ረድኤት፦ እንደ እትዬ ዘምዘም ነው የያዙኝ!

ይማም፦ ዘምዘምን ብትሆኚ ኖሮ ቶሎ ይገባሽ ነበር፤ እሷ ቶሎ ይገባታል።

ረድኤት፦ ስንት እርምጃ ነው?

ይማም፦ በዘምዘም እርምጃ መቶ ሰማንያ። በእኔ ሁለት መቶ ሠላሳ። ወይራው ሥር መደብ እሠራለሁ፤ መንገደኛ ያርፋል።

ረድኤት፦ በጀ። ለሰኞ መንገዱን በጠጠር እናስይዘዋለን። መግቢያው ላይ ሲደርሱ ነርሷ ቆማ ትቀበላቸዋለች።

ይማም፦ ነርሷ?

ረድኤት፦ ምን አለበት?

ይማም፦ አንዴ ለምና ሳህን የምታነሣዋ?

ረድኤት፦ ትሠለጥናለች።

ይማም፦ አሥራ ሁለት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ልመና፤ በቀን ሠላሳ ስድስት ነው። የሰው አገር ልጅ ምላሷ ይደርቃል።

ረድኤት፦ ታዲያ እርስዎ… አሃ።

ይማም፦ ምን ‘አሃ’?

ረድኤት፦ እስኪ ያን ቅጽ ከኪስዎ ያውጡት።

ይማም፦ አነብልሻለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነብ፣ ታገሺ። ‘ቤተሰብ የሚጠይቅበት ሰዓት፤ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ።’ ይሄው ነው። ዘምዘም የምትነሣ በአሥር ነው።

ረድኤት፦ ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ቦርዱ ነው።

ይማም፦ ምን አልኩሽ? ምንም አልጠየቅሁም።

ረድኤት፦ አልጠየቁም።

ይማም፦ አልጠይቅም። እኔ የጠየቅሁት በር ነው።

ረድኤት፦ በሩንማ አገኙ። ለመግቢያውም ጠንካራ የብረት በር ታዟል።

ይማም፦ ዘምዘም በብረት በር አትገባም። ብረት በር ላይ ሰው የሚቆመው ወረቀት ሊያስፈርም ነው። ‘ቀበሌ ምን አመጣኝ’ ብላ ታልፈዋለች።

ረድኤት፦ ታዲያ ምን እናድርግ? የክፍሎቹን አሥራ ሁለት በሮች አስረክበውኛል፤ ሁሉም በየቀለሙ፣ በየእጀታው። ለአሥራ ሦስተኛ የሚሆን እንጨት የለም።

ይማም፦ አሥራ ሦስተኛው አለ።

ረድኤት፦ የታለ?

ይማም፦ ጀርባዬን የያዘው።

ረድኤት፦ ይሄ አሮጌ ሳንቃ? እኔ ወገብዎን አሞዎት መደገፊያ ያደረጉት መስሎኝ!

ይማም፦ በር ሌላ ምን ሥራ አለው? ሰው ይደገፍበታል።

ረድኤት፦ እስኪ ትንሽ ዘወር ይበሉ። ዋንዛ ነው… አቤት ክብደቱ። ይሄ ጥግ ላይ የጎደጎደው ምንድን ነው? ጠቁሯል።

ይማም፦ እጇ ነው።

ረድኤት፦ የማን?

ይማም፦ አርባ ስድስት ዓመት እዚያች ላይ ነው የምትገፋው። እጀታ ሠርቼላት ነበር፤ ከነሐስ። አንድ ቀን አልነካችውም።

ረድኤት፦ ከየት ነው የነቀሉት?

ይማም፦ ከቤቴ።

ረድኤት፦ መቼ?

ይማም፦ ዛሬ ጠዋት። ዘምዘምን ሰዓዳ ጋ አስቀምጬ።

ረድኤት፦ ቤትዎስ? አሁን ክፍቱን ነው?

ይማም፦ መጋረጃ ሰቅያለሁ።

ረድኤት፦ ሌባ ቢገባስ?

ይማም፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ረድኤት፦ የሌለዎት አጥር አይደለም፤ በር ነው!

ይማም፦ እንግዲያው ሌባው ይግባ። ሦስት ጊዜ ለምኜ ራት አበላዋለሁ።

ረድኤት፦ ቀልዱን ይተዉትና ይመልሱልኝ። ማክሰኞ እሳቸውን እዚህ አስገብተው፣ በርዎንም እዚህ ገጥመው፣ እርስዎ የት ሊያድሩ ነበር?

ይማም፦ ዘምዘም ስትገባ ይሄን በር ትገፋው፣ ሌላው ይቀራል። የእኔን ቤት የሚያንኳኳ ማን ነው? እንግዳዬ አንድ ናት አልኩሽ።

ረድኤት፦ እርሳሴን ያቀብሉኝ።

ይማም፦ ምን ልታደርጊ?

ረድኤት፦ ያቀብሉኝ። ይኸው፣ መግቢያው አጠገብ ያለችው ይቺ ክፍል ‘ዕቃ ቤት’ ትላለች። ሰረዝኳት።

ይማም፦ ዕቃው የት ይግባ?

ረድኤት፦ ዕቃ ይሉኝታ የለውም፤ የትም ያድራል። ‘የተቀባይ ክፍል’ ብያታለሁ። መስኮቷ ወደ ዞረው መንገድ ያያል። ሁለት አልጋ ትይዛለች።

ይማም፦ ሕጉ…

ረድኤት፦ ሕጉ የሚለው ስለ ጠያቂ ነው። ጠያቂ በሰዓት መጥቶ በሰዓት ይሄዳል። በር ላይ ቆሞ ‘ግቡ’ የሚል ሰው ግን የቤቱ ምሰሶ ነው። ምሰሶ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ቆሞ ይሄዳል እንዴ? ሰኞ ገምጋሚዎቹ ፊት ቆሜ እንዲሁ እላቸዋለሁ።

ይማም፦ እምቢ ቢሉሽስ?

ረድኤት፦ ስንት ጊዜ ነው እምቢ የሚሉኝ? ሁለት ጊዜ ነዋ። ሦስተኛው አለ።

ይማም፦ አጃኢብ! ሮቢት መወለድሽ አሁን ታየ።

ረድኤት፦ ጋሽ ይማም፣ ማክሰኞ ከእትዬ ዘምዘም ጋር ይግቡ።

ይማም፦ አይ፣ እኔ ቤት አለኝ።

ረድኤት፦ በር የሌለው ቤት ምንድን ነው ብለውኝ ነበር? ይግቡ እንጂ!

ይማም፦ አይ፣ ሰው አላስቸግርም።

ረድኤት፦ ይሄ ሁለተኛው ነው።

ይማም፦ ምን ትቆጥሪያለሽ አንቺ ልጅ!

ረድኤት፦ በሞቴ!

ይማም፦ እንግዲህ መሐላሽ ከከበደ… በዪ እጄን ያዢና አንሺኝ፤ በሩን እንግጠመው።